የሌለብኝ የደም ግፊት

ከ3 ሳምንት በፊት በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ትኩሳት የጻፍኩትን ያነበበች አንዲት ልጅ ደብዳቤ ልካልኛለች። ልጅ ስል የ2 ልጆች እናት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ግን ሁሉም ልጅ ነው። ደብዳቤው ስለ ትኩሳት አይደለም፤ ስለ እናቷ ነው። ታናሽ እህቷ ካናዳ ልትወልድ ደርሳለች። ለእናትየው ቪዛው ተገኘ፣ ቲኬቱ ተቆረጠ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የአጥሚቱ እህል ተፈጭቶ ሻንጣ ገባ። ቦሌ ደረሱ፤ ዘመድ አዝማድ ተሰነባበተ። እናት ግን ከመግቢያው በር ላይ ቆም አሉና «ልቤ አልወደደውም፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ። ተመለሱ። ከቤተሰቡ ግማሹ «ክፉ ሕልም አይተው ይሆናል፣ አትጫኗቸው» ይላል፤ ግማሹ ለቲኬት የወጣውን ብር እያሰበ ተቆጥቷል። ልጅቷ የምትጠይቀኝ «ሲስተር፣ እናቴ ምን ሆና ነው? ልቧን አሟት ይሆን?» ብላ ነው።

መልሴ ትንሽ ይረዝማል። እናትሽ ጋ ከመድረሴ በፊት ስለ ራሴ መናገር ይኖርብኛል። ከቤተሰቤ ውጭ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነው።

እኔ አውሮፕላን እፈራለሁ። 36 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በማዋለጃ ክፍል ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት በባትሪ ብርሃን አዋልጃለሁ፤ ደም እንደ ውኃ ሲፈስ አይቼ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሠራሁበት ቦታ ሁሉ የሚያውቀኝ በድፍረቴ ነው። አውሮፕላን ሲባል ግን መዳፌን ያልበኛል።

የጀመረኝን ቀን አውቀዋለሁ። በ1978 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው። ለሥልጠና ጅማ ሰንብቼ በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደመና ውስጥ ገባን። አውሮፕላኗ ድንገት ወደ ታች ስትወርድ ሆዴ ጉሮሮዬ ላይ የደረሰ መሰለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸው ላይ አስመለሱ፤ ከኋላ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል። ቢበዛ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። በሰላም አረፍን፤ ማንም አልተጎዳም፤ አብራሪው እንኳ ከሰው ጋር እየተሳሳቀ ነበር የወረደው። እኔ ግን መሬት ስረግጥ «ሁለተኛ!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ እህቴን ልጠይቅ ጅማ የሄድኩት ሁሉ በአውቶቡስ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ፍሬኑ እየጮኸ፣ ሹፌሩ ጫቱን እየቃመ፣ እኔ መስኮቱን ተደግፌ እያንቀላፋሁ። በሥራ ዘመኔ ከመኪና አደጋ የመጣ ስንት ቁስለኛ ተቀብያለሁ! ከአውሮፕላን አደጋ የመጣ አንድም ሰው በእጄ አልገባም። ይህን እያወቅሁ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲያልፍ ደግሞ ቀና ብዬ አያለሁ። ፍርሃት ሒሳብ አይችልም። ጊዜ ሲያልፍ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደም። አንድም ጊዜ ሳልበር እያደገ ሄደ። በሸሸሁ ቁጥር ሰውነቴ «አየሽ፣ የተረፍነው ስለሸሸን ነው» እያለ ራሱን ሲያስተምር ኖሯል።

ትልቋ ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ግንቦት ላይ ትወልዳለች ተባለ። እኔም ጡረታ የምወጣበት ዓመት ነበር። «እማ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ስታዋልጂ ኖረሽ የእኔ ላይ እንዳትቀሪ!» አለችኝ እየሳቀች። እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ። ቪዛው ወጣ፣ ቲኬቱ ለሚያዝያ መጨረሻ ተቆረጠ። እኔ በልቤ «እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠር ይሆናል» እላለሁ።

መጋቢት 1 ቀን እሑድ ነበር። ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ያን ቀን የረሳ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ሰው ያጡ ይኖራሉና ብዙ አልልም። ያ የአውሮፕላን ዓይነት፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ አፍንጫውን በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት እስኪስተካከል በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ እንደቆየ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

በዚያ ሰሞን «ፈራሁ» ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ልጄም አትፈርድብኝም። እኔ ግን አልቻልኩም። ፍርሃቴ ከዚያ እሑድ በፊት ከ30 ዓመት በላይ አብሮኝ እንደኖረ አውቃለሁ፤ የሰዎቹን ሐዘን ለራሴ ገመና መሸፈኛ ማድረግ ነውር ሆኖ ታየኝ። ከዚያም የባሰውን አደረግሁ። ስልክ ደወልኩና «ልጄ፣ ግፊት ጀምሮኛል፤ ሐኪሙ ረጅም በረራ ከልክሎኛል» አልኳት።

ግፊት የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም።

ልጄ እናቷ ሳትኖር ወለደች። ገንፎውን በስልክ ቪዲዮ ነው ያስተማርኳቸው። ባሏ በአንድ እጁ ስልኩን ይዟል፣ በአንድ እጁ ያማስላል፤ እኔ ከገርጂ ሆኜ «አትፍራው፣ ጠንከር አድርገህ አማስለው!» እያልኩ እጮኻለሁ። ገንፎው ጓጎለ። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ባሏ ስልኩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ለማዞር ዘገየና ያን አየሁት።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ በሰው እጅ ዲጂታል የግፊት መለኪያ ላከችልኝ። እሑድ እሑድ ትደውላለች። «እማ፣ ስንት ሆነ?» እኔም «130 በ85» እላለሁ። አንዳንዴ እንድታምነኝ «ዛሬ እንኳ ከፍ ብሏል፣ 145 ገብቷል» እላለሁ። እስቲ አስቡት። በ36 ዓመት ውስጥ ያልለካሁትን ግፊት ካርድ ላይ ጽፌ አላውቅም። ይህን ያደረጉ ተማሪ ነርሶችን በሰው ፊት ተቆጥቼ አስለቅሻለሁ። መለኪያው ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ በየእሑዱ ቁጥር እፈጥራለሁ። 3 ዓመት አለፈ።

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛዋን አርግዛ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ 5ኛ ወሯ ውስጥ ሳለች፣ አንድ ማታ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ለክትትል ስትሄድ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሐኪሟ የቤተሰብ ታሪክ ስትጠይቃት ልጄ የምታውቀውን ነግራታለች፦ እናቴ ግፊት አለባት፣ በ60 ዓመቷ ገደማ ነው የጀመራት፣ አውሮፕላን እንኳ ተከልክላለች። «እማ፣ ከአንቺ ወርሼው ይሆን?» አለችኝ።

ውሸቴ የልጄ የሕክምና ካርድ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሞች በዚያ ላይ ተመሥርተው ያስባሉ። ግፊቷ የጨመረ ነፍሰ ጡር ምን ሊደርስባት እንደሚችል ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ እሷ ጋ ሲነጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ግፊት የለብኝም። በ2011ም አልነበረብኝም። አውሮፕላን ስለምፈራ ነው የዋሸሁሽ። ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪያትና ታስተካክለው» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «አለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ «ፈራሁ ማለት አቅቶሽ ነው?» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

2 እሑድ አልደወለችም። በ3ኛው ደወለች፤ ስለ ግፊት አላነሳችም። «ታዲያ አሁንስ ትመጫለሽ?» ብቻ አለች። «እመጣለሁ» አልኩ። ጥር መጨረሻ ላይ መነሳት ነበረብኝ። ከ3 ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቶኛል።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጎረቤቴ ቤት ቡና መጠጣት ነው። ልጇ የአውሮፕላን ጥገና ላይ ይሠራል፤ ከሥራ ሲገባ ጠብቄ ያዝኩት። እንደሌላው ሰው «ምንም አይደል፣ አይፍሩ» ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሲኒውን አስቀምጦ «እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያስፈራዎት?» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሳስበው ለካ ሁሉም አይደለም። ከተነሳ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ሲቀንስ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ የምንወድቅ ይመስለኛል። ሌላው መንገጫገጩ ነው።

እሱም አስረዳኝ። አውሮፕላን ሲነሳ ከፍተኛ ጉልበት ይጠቀማል፤ ከፍ ካለ በኋላ ግን ያን ያህል ስለማያስፈልገው አብራሪው ይቀንሰዋል። ዳገት የጨረሰ ሹፌር እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀለል እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጆሮ ግን የድምፁን መቀነስ እንደ መውደቅ ይቆጥረዋል። ከወለሉ ሥር ጓ የሚለው ጎማው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው፤ ለማረፍ ሲቃረብ ደግሞ ሲዘረጋ እንደገና ይሰማል። ክንፉ ሲወዛወዝ ቢታይ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በአንዱ ሞተር መብረርና ማረፍ ይችላል፤ ሁለቱም ቢጠፉ እንኳ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፣ እንደ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ እየተንሳፈፈ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንገጫገጩንም ኮረኮንች መንገድ በሉት አለኝ፤ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ መኪናው ተሰበረ አይባልም። በዚያ የሚጎዱት በአብዛኛው ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ናቸው። ፀሐይ መሬቱን ሳታግለው የሚደረግ የጧት በረራም አብዛኛውን ጊዜ ከከሰዓቱ ይረጋጋል።

ከሁሉ ያሳቀኝ የአየሩ ነገር ነው። ብዙዎቻችን «እዚያ ውስጥ አየር ያጥረኛል» እንላለን። በረጅም በረራ ላይ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚኖረው የአየር ግፊት ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኝ ቦታ ጋር የሚመጣጠን ነው። ቦሌ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዳርቻ አገር ሰው ልዩነቱ ሊሰማው ይችላል፤ የሽሮ ሜዳ ሰው ግን ከቤቱ ያነሰ አየር አይሰጠውም። 60 ዓመት ስንተነፍሰው የኖርነው ነው።

ይህን ሁሉ ማወቄ ጠቀመኝ፤ ፍርሃቱን ግን አልነቀለውም። ፍርሃት የሚኖረው ከአንገት በታች ነው፤ አንገት በታች ያለው ደግሞ በወሬ አይማርም። ስለዚህ ታኅሣሥ ውስጥ ታናሽ እህቴ ከጅማ መጥታ እኔን ይዛ በአውሮፕላን እንድትመለስ ለመንኳት። በሙያው ቋንቋ ቀስ በቀስ መጋፈጥ ይባላል። በአንድ ጊዜ አትላንቲክን ከመሻገር መጀመሪያ ጊቤን መሻገር ይሻላል።

በሩ ሲዘጋ መጣብኝ። ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ከንፈሬን ወረረኝ፣ የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ፣ ደረቴን ጨመደደኝ፣ የእህቴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። «አለቀልኝ» አልኩ። ቀጥሎ የሆነው ይገርመኛል፤ 36 ዓመት የለመደ አእምሮዬ የሌላ ሰው ካርድ እንደሚያነብ ምልክቶቹን መቁጠር ጀመረ። የልብ ምት ፈጣን። ትንፋሽ ፈጣን። ከንፈርና ጣት መደንዘዝ። ይህች ሴትዮ ከመጠን በላይ እየተነፈሰች ነው!

ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነቱን ለሩጫ ያዘጋጀዋል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። መሮጫ ከሌለ ደግሞ በፍጥነት መተንፈሱ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ያስወጣል፤ ማዞሩና መደንዘዙ ከዚያ ይመጣል። አየር ያነሰን ይመስለናል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱ አየር መሳብ ሳይሆን ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። በአፍንጫ 4 እስኪቆጠር ማስገባት፣ በአፍ 6 እስኪቆጠር ማስወጣት።

ይህን ለስንት ምጥ ላይ ላለች ሴት ተናግሬአለሁ! «ቀስ ብለሽ አስወጪው፣ ረጅም አድርጊው» እያልኩ። አንዳንዷን ተቆጥቻታለሁ፤ «ምን ያስፈራሻል? ሴት ሁሉ ይወልዳል» ብያለሁ። ያቺ ወንበር ላይ ቀበቶዬን አስሬ ስቆጥር የእነሱ ፊት መጣብኝ።

ቆጠርኩ። እህቴ እጄን ይዛለች፤ «እኔም ልቁጠር?» አለች፤ አብራኝ ቆጠረች። ሰዓቴን አየሁ፤ በ8ኛው ደቂቃ ደረቴ ለቀቀኝ። የሰውነት የአደጋ ደወል ሲጮህ ማቆሚያ የሌለው ይመስላል እንጂ፣ ካልሸሹለት ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። ቀና ስል ተራራው ከሥር ታየኝ። ደስ አለኝ አልልም። ግን አየሁት። ከ3 ቀን በኋላ ስመለስ እንደገና መጣብኝ፤ ያን ጊዜ ከ4 ደቂቃ አላለፈም።

ስለ መድኃኒት ልናገር። ልሄድ ስሰናዳ 2 ጎረቤቶች «ይቺን ዋጪና ተኝተሽ ድረሺ» ብለው የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥተውኛል። አንዱ ለሟች ባላቸው የታዘዘ ነበር። አልዋጥኩትም፤ እናንተም አትዋጡ። ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ኪኒን ግራ ያጋባል፣ ሲነሱ ያስወድቃል፤ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት እንዲተኛ ስለሚያደርግ ደም እግር ላይ እንዲረጋ ያግዛል። ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። መድኃኒት የግድ ካስፈለገ የሚያዘው ሐኪም ነው። በየቀኑ የምትወስዱትን የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ግን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ከሻንጣው ጋር አትስደዱት።

ጥር መጨረሻ ላይ ተነሳሁ። ስገባ በሩ ላይ የቆመችውን ሆስተስ «ልጄ፣ ፈሪ ነኝ» አልኳት። ሳፍር ነው የተናገርኩት። እሷ ግን «እሺ እናቴ፣ መጥቼ አይዎታለሁ» አለችና እውነትም መጣች። ወንበሬን ክንፉ አካባቢ፣ ከመተላለፊያው በኩል አስይዤ ነበር። እዚያ መንገጫገጩ ይቀንሳል፤ ተነስቶ ለመራመድም ይመቻል።

አጠገቤ የተቀመጡት በ70ዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ግዙፍ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ገና ሳንነሳ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ መስሎኝ ነበር። ስንነሳ እጃቸውን አየሁት፤ የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ጣቶቻቸው ነጥተዋል። ከእኔ ይብሳሉ! «ጋሼ፣ ነርስ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ይቁጠሩ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቆጠሩ። ድምፁ ሲቀንስ «አሁን ድምፁ የቀነሰው ዳገቱን ስለጨረሰ ነው» አልኳቸው። ያን ጊዜ ገለጡ። «እህቴ፣ 30 ዓመት የአሰብን መንገድ በተሳቢ ነድቻለሁ። መሪው በእጄ ቢሆን ምንም አልልም ነበር» አሉኝ። የእሳቸው ፍርሃት ሌላ ነው፤ መሪ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ። ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ነው የሚሄዱት። ወንድ ልጅ ይህን ለማን ይናገራል? እሳቸውን ሳስቆጥር የራሴን ረሳሁት።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ፤ ጋሼን በጣም አስደንግጧቸው ነበርና። ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ በመንገድ ላይ ለነዳጅ ይታረፋል። ብልሽት አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ያን ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ሲመለስ ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ በቀጥታ ይመጣል። ይህን ያስረዳኝ ያው የጎረቤቴ ልጅ ነው። በቀረው መንገድ ከጋሼ ጋር በየጊዜው እየተነሳን ተንጎራደድን፤ ተቀምጠንም ቁርጭምጭሚታችንን እናዞራለን፣ ውኃ እንጠጣለን። ለማረፍ ስንወርድ ጆሯችን እንዳይደፈን ከረሜላ ተካፈልን። ውቅያኖሱ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያንገጫግጨን ሁለታችንም ምንም አላወራንም፤ ዝም ብለን ቆጠርን።

ልጄ በዚያ ሆዷ ቆማ ስትጠብቀኝ አየኋት። አቀፈችኝ። ብዙ አላወራንም፤ በመኪና ውስጥም ያወራው ባሏ ነው። ቤት ስንገባ ካባዬን ሳላወልቅ ሻንጣዬን ከፈትኩና ያን የግፊት መለኪያ ከነካርቶኑ አወጣሁት። ካርቶኑ እንዳልተከፈተ አየች። ፊቷ ተለወጠ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ትንሽ አረፍኩ፣ የራሴን ክንድ አስሬ ቁልፉን ተጫንኩ። 128 በ76። «ይህን ጻፊው» አልኳት። ብዕር አምጥታ ጻፈች። ከዚያ እሷ ሳልጠይቃት እጅጌዋን ሰበሰበች።

የእሷ 138 በ88 ነበር። እስክትወልድ ድረስ ጧትና ማታ ለካሁ፤ ደብተሩ ሞላ፤ ለሐኪሟ ይዘን ሄድን። የካቲት ላይ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። ግፊቷም ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ወረደላት፤ እስከዚያ ግን መለካቴን አላቆምኩም፤ አራስ ቤትም ግፊት ሊነሳ ይችላል። ገንፎውን እኔ አገነፋሁት። ትልቁ ልጅ፣ ያን ጊዜ ሳልመጣ የተወለደው፣ ቁመቱ ወገቤ ጋ ደርሷል፤ መጀመሪያ 2 ቀን ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ነው ያየኝ።

ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። እናትሽ ታመዋል ወይ ላልሽው፣ በደብዳቤ ልነግርሽ አልችልም። ደረታቸውን የሚጫናቸው፣ የሚያልባቸው ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ልባቸውን ይይላቸው፤ በእሳቸው ዕድሜ የደረት ሕመምን «ፍርሃት ነው» ብሎ መተው አይገባም። በቅርብ ልባቸውን ታመው ወይም ቀዶ ሕክምና አድርገው ከሆነም በረራውን ሐኪሙ ይፍቀድ። ልባቸው ደህና ከሆነ ደግሞ ስለ ቲኬቱ ብር አታንሱባቸው። ሕልም ያሉትንም አትከራከሯቸው፤ «ግፊት» ከማለት «ሕልም» ማለት ይሻላል፤ ካርድ ውስጥ አይገባም። እህትሽ ከመውለዷ በፊት ለአንድ አጭር በረራ የሚሆን ጊዜ ካላችሁ ከሚወዱት ሰው ጋር ላኳቸው። ከሌላችሁ አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ የምትሄጂበትን መንገድ ፈልጉ። ለማያውቁት ቋንቋና ለረጅሙ አየር ማረፊያ ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅላቸው፤ እግራቸው ጤነኛ ቢሆንም መንገዱን የሚያውቅ ሰው አብሯቸው ይሄዳል።

ፈቃዳቸው ከሆነ ስልካቸውን በጋዜጣው በኩል ላኪልኝና እኔው እደውልላቸዋለሁ። አይፍሩ አልላቸውም። የቱ ጋ እንደሚያስፈራቸው ነው የምጠይቃቸው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።